ስም የማይጠራበት ቀን

በዓል ምን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ የባሕር ዳሯን ጠላ ጠማቂ፣ ወይዘሮ አገርነሽን ይጠይቅ። ሥራ ይፈታል፣ ቤት ይከፈታል፣ ያልተጠራም ይገባል ይላሉ። ይቺ መጨረሻዋ እንዴት ደስ ትላለች! እሷ ከሌለች ድግስ ነው እንጂ በዓል አይባልም።

በ1971 መስከረም ሦስት የበዓታ ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበረ፤ ለማኅበርተኛው የሚሆን ጠላም በሁለት ጋን ደርሷል። በዋዜማው፣ የአብዮት በዓል ዕለት ጠዋት፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስማማው ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ።

«እማማ፣ ጠላው ለሰልፈኛው ይፈለጋል።»

«የበዓታ ነው።»

«ያው በዓል በዓል ነው!»

የወይዘሮ አገርነሽ ደም ፈላ። ከጋኖቹ ፊት ሄደው ተገተሩ።

«ያው? አምና ሰልፉ ላይ ስም ጠርተህ፣ የቀረነውን ድንጋይ ያሸከምኸን አንተ አይደለህ? ስም እየጠሩ በዓል የት አይተሃል? ነገ ና፤ ሳትጠራ ትገባለህ። ዛሬ ግን አንዲት ጣሳ አትቀዳም!»

«አሳስርዎታለሁ!»

«እሰር!»

ቀበሌ ወስዶ አሰራቸው። የበዓታን ጠላ ለመንካት ግን ጥበቃዎቹ ፈሩ፤ ጋኖቹ እንደታሸጉ አደሩ።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ቤታቸው ተሰብስቦ ጠጣ፤ ለእሳቸውም በጣሳ ይዞ ቀበሌ ድረስ መጣ። አስማማው በሩ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ አገርነሽ ንዴታቸው አልበረደም፤ ጣሳውን ተቀብለው ወደ እሱ ዘረጉት።

«እንካ፣ ጠጣ!» ብለው ጮኹበት። «ስምህን የሚጠራ የለም!»