ንግሥቲቱን በር ላይ የገደልኩ ጊዜ

የመጽሐፌ የመጨረሻ ቅጽ ከተማችን መካነ ሰላም የገባው ከደሴ በመጣ አውቶብስ ፖርቶመጋላ ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መሀል ተጣብቆ ነው። እኔ ታላቁ ደራሲ ካርቶኑን በትከሻዬ ተሸክሜ ከመናኸሪያው ስወጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳሙና መስሎት ዋጋውን ጠየቀኝ። መጽሐፍ መሆኑን ስነግረው አዘነልኝ።

ሥራዬ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ከዚያ በሚተርፈኝ ጊዜ ደግሞ በምድር ላይ በሌለ አገር ስለሚካሄድ ጦርነት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ነፋስ የሚታዘዛት፣ በሤራ ከዙፋኗ የተባረረች አንዲት ንግሥት አለች። በአምስት ቅጽ ሙሉ ባሕር ትሻገራለች፣ ከድንጋይ ሰዎች ጋር ትዋጋለች፣ በሰው ቤት ገረድ ሆና ታገለግላለች፤ ሁሉም አገሯ ለመግባት ነው። ባለቤቴ፣ ዓባይን ተሻግሬ ጎጃምን እንኳ ሳላይ ምስኪኗን በባሕር ማንከራተቴ ይገርማት ነበር። ቤታችን ሒስ ጎድሎት አያውቅም።

በመጨረሻው ቅጽ ንግሥቲቱ ጠላቶቿን ሁሉ ታሸንፋለች፤ የከተማዋ በር ይከፈትላታል፤ እግሯን ሳታስገባ ደፉ ላይ ወድቃ ትሞታለች። ይህን ስጽፍ ኩራቴ ለራሴም ያስፈራኝ ነበር። በደስታ የሚያልቅ መጽሐፍ የሕፃናት ነው ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የፊዚክስ ተማሪዎቼን አስተምሬአለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አስተያየቶች የመጡት በኢንተርኔት ነው። አንዱ ሽፋኑን አድንቆ ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኘ ጻፈ። ሌላው፣ እሱም ያላነበበ፣ መጨረሻው እንደማያረካ አስታወቀ፤ ሁለቱም እዚያው ሥር ከመጽሐፉ ጋር በማይገናኝ ነገር ተሰዳደቡ። አንድ የአዲስ አበባ ምሁር ደግሞ የንግሥቲቱ ሞት የዘመናችንን ፖለቲካ እንዴት እንደሚያመለክት በረጅሙ አብራራ። እኔም ከእሱ ብዙ ተማርኩ።

የከተማችን አስተያየት ግን እግር ነበረው፤ ቤቴ ድረስ መጣ።

መጻሕፍቴን የምትሸጥልኝ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ያነበበችው እዚያው ሰው ቤት እየሠራች ነው፤ እህቷ ገጽ በገጽ በስልክ እያነሳች ትልክላት ነበር። የመጨረሻውን በአንድ ቀን ጨርሳ የቀሩትን ቅጂዎች ከመደርደሪያው አውርዳ ከወረቀት ክምር ኋላ ደበቀቻቸው። የፈተና ወረቀት ላባዛ ስሄድ ማሽኑ ተበላሽቷል አለችኝ። ማሽኑ ከጀርባዋ የአንድ ባለጉዳይ መታወቂያ እያባዛ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌ ላከችብኝ። አንድ ቄስና አንድ ሼህ፣ ሁለቱም ጎረቤቶቿ። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ፣ ለወሰን ወይም ለደም ነው። ባለቤቴ ሻይና ቆሎ አቀረበች፤ እነሱም ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ በሚገባ ካወሩ በኋላ፣ አንዲት ሴት ገድሏል ተብለን ነው የመጣነው አሉኝ።

መጽሐፉን ሁለቱም አላነበቡም። ይህ ከኢንተርኔት አንባቢዎቼ ጋር እኩል ያደርጋቸዋል፤ ልዩነቱ እነሱ መጠየቃቸው ነው። ሼሁ ስትሞት ያየ ምስክር እንዳለ ጠየቁ። ማንም አላየም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት ስላቸው፣ «እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው፣ ካንተ በቀር የሚከስህም የሚያድናትም የለማ» አሉ። ቄሱ ደግሞ ንስሐ ገብታ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ንግሥቲቱን ስትሞት አንድ ቃል እንኳ እንዳላስተነፈስኳት መሰከረችብኝ።

ከዚያ ደጅ ስትጠብቅ የነበረችውን ከሳሼን፣ ባለ ሱቋን፣ አስጠሯት። ገብታ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባልም እምቢ አለች።

«መምህር፣ እኔ ዓረብ አገር በሠራሁበት ቤት በር ዘግቼ ብቻዬን የምሆንበት ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነበር» አለች። «እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የእርስዎን መጽሐፍ ያነበብኩት። እሷ ከተሻገረች እኔም እሻገራለሁ እል ነበር። ይኸው፣ እኔ ተመልሼ የእናቴን በር ከፍቼ ገባሁ። እሷን ለምን በር ላይ አስቀሯት?»

«ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ስናየው…» ብዬ ጀመርኩ። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቄሱ ቆሎውን ማየት ጀመሩ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ስለ አሳዛኝ ፍጻሜ ክብር የሚያወራ ንግግር አሳፈረኝና ተውኩት። መጽሐፉ አንዴ ታትሟል፣ ምንም ማድረግ አልችልም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱ። ተነሥቼ፣ ኖራ ለማታውቅ ሴት ሞት፣ በሁለት ሃይማኖት ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ።

ልሸኛት ስወጣ፣ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠል ገንጥዬ ብሸጠውስ አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ እንደፈለግሽ አልኳት።

ቀልድ አልነበረም። ያለፉት ቅጾቼ አቧራ ሲጠጡ የከረሙበት ሱቅ የመጨረሻውን ሸጦ ጨረሰ። እኔ ምክንያቱን የብዕሬ መብሰል አድርጌ ስለወሰድኩት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

እውነቱን ያወቅሁት ለፈተና ቁጥጥር ወግዲ ስሄድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ነርስ መጽሐፌን ይዛለች። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ እሷ ግን ቀና አላለችም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ «በሩም ተከፈተ» ይላል፣ ቀጥሎ የተገነጠለው ቅጠል ጠርዝ ብቻ ነው ያለው። መጽሐፉን ዘግታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እንዴት አለቀ ብዬ ጠየቅኋት።

«ገባች» አለችኝ።

ደራሲው እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።

«ከገባች በኋላስ ምን አደረገች?» አልኳት።

ጥያቄው ትንሽ የሞኝ ሆኖባት አየችኝ። «ተኛች ነዋ፣ ጋሼ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ሌላ ምን ታደርጋለች?»