ዋሴ በጓዳ በር

ዋሴ በሸሕዲ ከተማ ለምሳ ከምግብ ቤት የማይቀር ሰው ነበር፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። የሚበላው ከሀብትነሽ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ አንገረብ በሚሉት፣ ገመዱ በረገበ አሮጌ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው።

ቀድሞ በአብደራፊ በኩል በመንግሥት እርሻ የትራክተር ሹፌር ነበር። ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሲገለበጥ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ከጎንደር ሆስፒታል በክራንች ተመለሰና የተቀደደ ጆንያ እየሰፋ ራሱን ቻለ። ሰሊጥ ባለበት አገር የሚሰፋ ጆንያ አይጠፋም።

የሀብትነሽ ቤት የክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ወደ በሩ የሚያወጡት ደግሞ ለስሙ ደረጃ የተባሉ፣ አንዱ ካንዱ የማይገጥም ድንጋዮች ናቸው። ዋሴ አንድ ቀን ሰው በሌለበት ሰዓት ሞክሯቸው ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ክራንቹ ከዳውና በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደ። ያየችው የሀብትነሽ ዶሮ ብቻ ናት፤ ለእሱ ግን ከተማው ሁሉ ያየው መሰለው። ከዚያ ወዲህ ግባ ባሉት ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፦ «ውስጡ ይሞቃል።»

በመተማ ቆላ ይሞቃል ያለን ሰው የሚጠራጠር የለም። ሀብትነሽም አመነችው። ዕለት ዕለት ትሪውን ይዛ፣ ከወጡም የተሻለውን መርጣ፣ ድንጋዮቹን እየረገመች ትወርድለታለች።

የጎደለው ምግብ አልነበረም፤ አብሮት የሚበላ ሰው ነው። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ ሰዉም እንደ ወጉ «ይባረክ» ብሎት ያልፋል። ከውስጥ የሚበሉት ሹፌሮች ሳቅ ሲሰማ ትሪውን ሳይጨርስ ይገፋዋል።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ የድሮ ባልደረቦቹ ማሩ፣ ይርዳውና ሸጋው መጡ። ወደ ሁመራ እርሻ ተዛውረው ሰኞ ሊሄዱ ነበር። መቼ እንደምንገናኝ አይታወቅምና ዛሬ ባንድ ትሪ ካልበላን አሉት። ዋሴ ልቡ ዘለለ፤ ወዲያው ግን ድንጋዮቹ ትዝ አሉት።

«ግባ እንጂ» አለው ማሩ።

«ውስጡ ይሞቃል።»

ይህን ሲል ካፊያው ከባርኔጣው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ነበር። ይርዳው ሳቀ። ማሩ ግን አልሳቀም፤ ዐይኑ ከክራንቹ ወደ ድንጋዮቹ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ አንድ መንገደኛ ተሸካሚ ጠራና አራት ሆነው አንገረቡን ከነዋሴ አነሡት። ዋሴ ተዉኝ ቢል ማን ሰምቶት። እንዳይወድቅ ክራንቹን ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ የአንገረቡን ገመድ ጨበጠ።

ውስጥ ደግሞ ለአረም ሥራ ከጎጃም ገና ትናንት የወረዱ የቀን ሠራተኞች ይበሉ ነበር። ከአገራቸው ሲነሡ ሁሉም ያስፈራራቸው በቆላ ወባ ነው። አሁን ታዲያ አንድ ሰው በጀርባው ተዘርግቶ፣ በአራት ሰው ተይዞ ሲገባ አዩ። ሁሉም ተነሡ። አንዱ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ሀብትነሽ እጇን ራሷ ላይ ጭና ከጓዳ ወጣች። ከሠራተኞቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ቆባቸውን አወለቁና «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉ፤ ወደ ማሩም ዞረው በቀስታ «ወባ ናት?» ሲሉ ጠየቁት።

ዋሴ አንገቱን ቀና አደረገ። «ወባስ አይደለችም፣ አባባ። ርሃብ ናት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንገረቡ ከጠረጴዛዎቹ መሐል አላልፍ ስላለ ወለሉ መካከል ተቀመጠ፤ ትሪው ላዩ ላይ ቀረበ፤ ባልደረቦቹም ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌውን ስላስደነገጣቸው ዋሴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሳቸው አደረገ። እግሩን ካጣ ወዲህ የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ትሪ ሲበላ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጥብሱ አልቆ እንኳ የትሪውን ጠርዝ አልለቅ አለ።

ሀብትነሽ ስታስታጥባቸው ማሩ ዋሴን «አይዞህ፣ ተሸክመን እናወጣሃለን» አለው።

«ታወጡኛላችሁ» አለ ዋሴ። «ሰኞ ግን ማን ያስገባኛል?»

ዋሴ የእጁን ውሃ አራገፈና «እታለም» አላት ሀብትነሽን፣ «ሙቀቱ አይደለም። ድንጋዮችሽን መውጣት አቅቶኝ ነው።»

«እኔስ ትሪ ይዤ በእነሱ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ ያለቀው ለማን ብዬ ነው? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ» አለች። ተቆጥታም ነበር፤ ዐይኗ ግን ወደ ጓዳው ዞሯል።

ጓዳው በቤቱ ጀርባ በኩል ነው። በዚያ በኩል መሬቱ ከፍ ስለሚል ከወለሉ እኩል ነው፤ ድንጋይ የለ፣ ጎርፍ የለ፤ እንጨት የጫነችው አህያ እንኳ እስከ በሩ ትደርሳለች። ይህን በር የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ግን ወንድ ልጅ፣ ያውም እንግዳ፣ በጓዳ ይገባል ብሎ ማን ያስባል?

«አህያዋ ከደረሰችበት አንተ ምን ያንስሃል?» አለች ሀብትነሽ። «በጓዳ ገባ ብሎ የሚስቅብህ ካለ እኔ ቤት ምሳ የለውም።»

ዋሴ ጆሮው ጋለ። በሴቶቹና በድስቶቹ መሐል እየተንገዳገደ ሲያልፍ ታየው። ከኒሟ ሥር ብቻውን «እንብላ» ሲልም ታየው። ሰኞ በጓዳ በር መጣ።

ወጥ ሠሪዎቹ ሁለት ቀን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ በሦስተኛው ክራንቹ እንዳይዳልጥበት መተላለፊያው ላይ የሚፈሰውን ውሃ ማድረቅ ጀመሩ። ዋሴ ደግሞ ያላሰበው ጥቅም አገኘ። ሌላው በላተኛ ያለውን ጠይቆ ሲያዝ፣ እሱ ድስቱን አይቶ ያዛል። ይህ ሲታወቅ ከጠረጴዛው ሰው አልጠፋ አለ፤ ምኑ እንደጣመ የሚጠይቀው በዛ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌርማ እግር አመመኝ ብሎ በጓዳ ሊገባ ሞክሮ፣ ሀብትነሽ በማማሰያ አባርራዋለች።

በጥቅምት ማሩ ከሁመራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ኒሟ ሄደ። አንገረቡ ላይ ዶሮዋ ተኝታለች፤ ዋሴ የለም። ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ታሞ ነው ወይስ አገር ለቆ ነው እያለ ሲያሰላስል ከቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

«ማሩ፣ ና ግባ። ጥብሱን ተወው፤ ዛሬ ቅቅሉ ነው የሚሻለው። አይቼዋለሁ።»