ካኪ የለበሰን የማይነክስ ውሻ

ውሻው ሰውን የሚለየው በልብሱ ነበር። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ከሩቅ ያየውና ድምፁን ሳያሰማ ይመጣል፤ የሚጮኸው ከደረሰበት በኋላ ነው። ካኪ የለበሰ ሲመጣ ግን ጅራቱን እየቆላ ይቀበላል። በጣሊያን ምሽግ በር ላይ እንዲህ ተደርጎ ነው ያደገው። ጌታው የነበረው ጣሊያን ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ለአስተርጓሚው ሰጠው። አስተርጓሚው ደግሞ የእኛ ተከራይ ነበር።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው በኩል ነው። ከፊት ለፊቱ ትንሽ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ የገበያተኛው መንገድ ያልፋል። ትልቁን ቤት አባቴ እኔ በተወለድሁበት ዓመት በገዛ እጁ ሠራው። ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ወጣና እናቴና እኔ ቀረን። ቆይቶ አስተርጓሚው መጣ። ቤቱን ዞሮ አየና እከራየዋለሁ አለ። ታከራይኛለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። እኛ ጓዛችንን ይዘን ወደ ማድ ቤቱ ገባን።

ከአባቴ ወሬ የሚመጣው በአንዲት መነኩሲት በኩል ነበር። ወደ ደብረ ወርቅና ወደ መርጡለ ማርያም ስትመላለስ በእኛ በኩል ታልፋለች። ወረቀት መያዝ አይቻልም፤ ከተገኘ የሚያመጣው ይታወቃል። ስለዚህ አባቴ ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር ይመዝና ይሰጣታል። መነኩሲቷ ክሩን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለእናቴ ታስጨብጣታለች። ጋቢውን የፈተለችው እናቴ ናትና ክሩን በጣቶቿ መሐል ስታሽ የራሷን ፈትል ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ሥራዋን ትቀጥላለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«ሲመለስ ቤቱን ቆሞ ያግኘው።»

ቤቱ ግን ለመውደቅ ተቃርቦ ነበር። ክዳኑ አርጅቷል። ባለፈው ክረምት በአንድ በኩል አፍስሶ ምርጊቱ ረጠበና ወደቀ፤ የግድግዳው እንጨት ገጥጦ ይታያል። ሌላ ክረምት ከገባበት ግድግዳውም ምሰሶውም እንደሚሄድ ያየው ሁሉ ነገረን። እናቴ ከዘመድ ከወዳጅ ሰንበሌጥ ለምና አሰባሰበች፤ በግቢው ጥግ ከመርነው። ውሻው ክምሩ ላይ መተኛት ጀመረ። ስጠጋው ጥርሱን ያሳየኛል፤ ግን እኔንም እናቴንም አይነክስም ነበር። ውሃ ይዘን ስንገባ ስንወጣ ለምዶን ይሆናል፤ ወይም ንቆን።

አንድ ጠዋት አስተርጓሚው ከአንድ ወታደር ጋር ሊወጣ ሲል እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበችው።

«ጌታዬ፣ ክዳኑን እስክናድስ ውሻውን ቢያስሩልን።»

«እናቴ፣ ጥገናው የእናንተ ነው፤ የፈለጋችሁ ቀን አድሱ» አላት። «ይህ ውሻ ግን ከታሰረ ይታመማል። የለመደው ነጻነት ነው።»

ወታደሩ ሳቀ። «በዚህ አገር ነጻ የቀረ እሱ ብቻ ነው!» አለ። ሁለቱም እየሳቁ ሄዱ። እናቴ ነጠላዋን እንዳደገደገች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ አስተርጓሚው ከጦሩ ጋር ወደ ገጠር ተላከ። መቼ እንደሚመለስ ሚስቱም አታውቅም። ልጅ እግር ሴት ናት፤ አገሯ ሩቅ ነው። ውሻውን ትፈራዋለች። ምግቡን የምትሰጠው ከበሩ ሆና እየወረወረች ነበር። ሰንሰለት አንገቱ ላይ ማግባት የሚችለው ባሏ ብቻ ነው።

ግንቦት ውስጥ እናቴ ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች። የመጡት ጥቂት ናቸው። የአስተርጓሚ ቤት መክደን ደስ ያላላቸው ሰዎች አንዱ ወገቤን፣ ሌላው በሬ ጠፋብኝ እያለ ቀረ። የአስተርጓሚው ሚስት ውሻውን በሥጋ አባብላ ቤት ውስጥ አግብታ በሩን ዘጋችበት። ሰዎቹ ወጥተው ያረጀውን ክዳን ይነቅሉ ጀመር። ሣሩ ከአናቱ ላይ ሲነቃነቅና አቧራው ሲወርድበት ውሻው አበደ። ምርጊቱ በወደቀበት በኩል ማገሩን ገነጣጥሎ ወጣና መሰላል ይዞ የቆመውን ሰው ባቱን ያዘው።

ሰውየውን ጎትተን ማድ ቤት አስገባነው። ሌሎቹ ጣሪያው ላይ ቀሩ። ውሻው ከመሰላሉ ሥር እየተንጎራደደ ሽቅብ ያያቸዋል። የአስተርጓሚው ሚስት በሩ ላይ ቆማ «ተው! ተው እንጂ!» ትላለች፤ ወደ ውሻው ግን አትጠጋም።

አንዱ ከላይ «እመቤት!» ብሎ እናቴን ጠራት። «ጠላውን ወደዚህ ያቀብሉን፤ መክረማችን እዚሁ ነው!»

«አንተ ዝም በል፤ የባሰ ይሰማሃል» አለው ጓደኛው።

«ቢሰማስ? አማርኛ አያውቅ!»

በኋላ ሴትዮዋ ሥጋ ወርውራ ውሻውን ወደ ጓሮ ሳበችው፤ እነሱም ዘለው ወረዱ። ባቱን የተያዘው ሰው ሲወጣ እናቴን ዝቅ ባለ ድምፅ «ሥጋ ላይ የሚደረግ ነገር አለኮ» አላት።

«የሹም ስጦታ ነው» አለችው። «እሱ ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሚመጣ አልተገኘም። ያረጀው ክዳን በአንድ በኩል ተነቅሏል፣ አዲሱ አልገባም። ቤቱ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። የአስተርጓሚው ሚስት ከአልጋዋ በላይ ቁርበት ወጥራ መተኛት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ በጮቄ ተራራ በኩል ደመና ሲቋጠር እናቴ ከማድ ቤቱ ወጥታ ታየዋለች፤ ከዚያ ትገባለች።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤት በመክደን የታወቁ ናቸው። በደቦው ቀን ታመው ስለነበር አልመጡም። ሲሻላቸው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙና ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እኔም ወጥቼ አጠገባቸው ቆምሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ወታደር ለአስተርጓሚው ሚስት ስኳር አምጥቶ ወደ ግቢው ገባ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ እስከ በሩ አደረሰው።

«ልጄ፣ ያ ሰው ጋቢ ለብሶ ቢመጣ ምን ያደርገው ነበር?» አሉኝ።

«ይነክሰዋል።»

«እኔስ ካኪ ለብሼ ብመጣ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። በማግስቱ የአስተርጓሚው ሚስት የባሏን አሮጌ ካኪ ኮት፣ ሱሪና ባርኔጣ ከሳጥን አወጣች። «ሲመለስ እንዳትነግሩብኝ» ብቻ አለች።

እናቴ ሽማግሌውን አየቻቸው። «አያ፣ ይህን ለብሰው ሰው ቢያይዎስ?»

«ማን ያየኛል? ጣሪያ ላይ ያለን ሰው የሚያየው ሰማይ ነው፤ እሱም ሊዘንብ ነው። ሚስቴ ካላየችኝ ሌላው ግድ የለኝም።»

ኮቱ ሰፍቷቸው እጅጌው ጣታቸውን ሸፈነው። ወደ ግቢው ሲገቡ ውሻው ተነሥቶ መጣና የኮቱን ጫፍ አሸተተ። ከዚያ ጅራቱን ቆላ። ሽማግሌው ኮሌታቸውን አቀኑ።

«አየሽ? ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጣሊያን ወታደር አለቃ ሹምባሽ በይኝ» አሉኝ።

ሥራው ቀናት ወሰደ። እሳቸው ከላይ ሆነው ሣሩን እየደረደሩ በልጥ ያስራሉ፤ እኔ ከሥር ሆኜ ነዶውን አቀብላለሁ። ውሻው ከመሰላሉ ሥር ተጋድሞ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ እናቴ ጠላ ይዛ ትወጣለች፤ ሽማግሌው መሰላሉ ላይ እንዳሉ ይቀበሏታል። በሮብ ቀን ከወንዙ ማዶ ገበያተኛው እየነዳ፣ ተሸክሞ ያልፋል። አንዳንዱ ቆም ብሎ ያየናል። በእኛ አገር፣ ቤት የሚከድነው አባወራው ነው፤ ካልቻለ ደቦ ይጠራል። አንድ ሰው ብቻውን ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ የቤቱ ልጅ ሣር ስታቀብለው፣ የቤቱ ሴት ስታጠጣው ያየ ምን እንደሚል እናውቃለን። ግን ከመሐላችን ይህን ያሰበ አልነበረም። እኛ በኮቱ ውስጥ ያለውን ሰው ነበር የምናየው።

ጉልላቱ ዙሪያ ያለው የመጨረሻው ሣር በታሰረ ማግስት ዝናቡ መጣ። እናቴ ትልቁ ቤት ገብታ ቀና ብላ አየች። ጠብ ያለ ነገር የለም። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ደረቅ ነው» አለች። ሽማግሌው ኮቱን መልሰው ጋቢያቸውን ለበሱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ግቢያችን መግባት አልቻሉም።

አስተርጓሚው በክረምቱ መሐል ተመለሰ። ጣሪያውን አየና «ይኸው፣ ሳይታሰርም ሆነላችሁ» አለ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እናቴ መነኩሲቷን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘቻት። እኔም ነበርሁ። እናቴ መዳፏን ዘረጋች። መነኩሲቷ «ዘንድሮ የሰጠኝ ነገር የለም» አለችና ወደ መሬት አየች። እናቴ እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ አገባችው። ሞቷል ብላ እንዳሰበች አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ አሰብሁ። ግን አላለቀሰችም፣ ልብሷንም አልለወጠችም። ሞቶ እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ዕለት ዕለት የምንሠራውን እየሠራን ቆየን። ግድግዳውን በየዓመቱ እንመርገዋለን። ጣሪያው አላፈሰሰም።

ጣሊያን ሲወጣ አስተርጓሚውና ሚስቱ ከጦሩ ጋር አብረው ሄዱ። ሴትዮዋ እናቴን ስትስማት አለቀሰች። ውሻውን ጥለውት ሄዱ። እሱም አርጅቶ ነበር፤ በሩ ላይ ተኝቶ መንገዱን ያያል። ጋቢ የለበሰ ሲያልፍ ይነሣል እንጂ እንደ ዱሮው አይሮጥም።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሲታ ሰው ጠመንጃ አንግቶ ወደ ግቢው ሲገባ እኔ አላወቅሁትም። የለበሰው የተማረከ ካኪ ኮት ነበር። ውሻው ተነሥቶ ጅራቱን እየቆላ ተቀበለው። እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። ብዙ ሳታየው አወቀችው። ቀርባ ትከሻውን ሳመችው፤ እሱም ጎንበስ አለላት።

ትልቁ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ውሻው አገጩን እግሩ ላይ አድርጎ ተኛ።

«ይህ ውሻ አሁንም አለ?» አለ አባቴ።

እናቴ «የት ታውቀዋለህ?» አለችው።

«የዚያን ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል መጥቼ ነበር። እህል ነጋዴ መስዬ፣ ከገበያተኛው ጋር።» ወደ መንገዱ አመለከተ። «ከወንዙ ማዶ ቆሜ አየሁ። ካኪ የለበሰ ሰው ጣሪያዬ ላይ ነበር። ይቺ ሣር ታቀብለዋለች። አንቺ ጠላ ይዘሽ ወጣሽ። ውሻው እንኳ ከሥሩ ተኝቷል። የለመደው ነው አልሁ።»

«አያ ናቸው» አለች እናቴ።

«አያ ማን?»

«ቤት ከዳኙ፣ ጎረቤታችን። ውሻው ካኪ ካልለበሱ አያስጠጋም ነበር። የተከራዩን ኮት አለበስናቸው።»

አባቴ ውሻውን አየ። ከዚያ የራሱን ኮት እጅጌ አየ። ከማድ ቤቱ የጥድ ጭስ ይመጣ ነበር።

«ጋቢህስ?» አለችው እናቴ።

«አለቀ።»

ቆይቶ «ከሮብ ገበያ በላይ ሰው አለኝ» አለ። «ልጅም አለ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«እግዜር ያሳድገው» አለች እናቴ፣ ምሳ ልታቀርብ ተነሣች።

በላ። ከበላ በኋላ ቤቱን እንደ ተከራይ ዞሮ አየ። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ። «ደህና አድርገው ነው የከደኑት» አለ። ከጉልላቱ ሥር ግን ነፋስ ትንሽ ሣር ነቅሎ ነበር። መሰላሉን ከጓሮ አመጣና አስደግፎ ወጣ። ኮቱን አላወለቀም።

«ሣር አቀብይኝ» አለኝ።

ከተረፈው ክምር አንድ ነዶ አንሥቼ ዘረጋሁለት። ውሻው መጥቶ ከመሰላሉ ሥር ተጋደመ። እናቴ ጠላ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። መሰላሉ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት።

ዞር ብዬ ወደ ወንዙ ማዶ አየሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።