የኬላ ፈገግታ

ጓደኞቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሽንኩርት ጭኖ ሲነዳ ኤሊ ከኋላው ሆና ጡሩምባ ትነፋበታለች እያሉ ያሙታል። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ነድቶ አንዲት ዶሮ እንኳ አለመግጨቱን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞራል። ረዳቱ የታናሽ እህቱ ባል ነበር። ጎማ የሚቀይረው፣ ሸራ የሚወጥረው፣ እንቅልፍ ሲጥለው በወሬ የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር።

ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሙያ አለው። ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያይ፣ ሰውየው የማንም ወገን ይሁን፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ያብሳል፣ ጥርሱን ብልጭ ያደርጋል። ቀስ በቀስ በዚህ ሙያ ፕሮፌሰር ነበር። ገና ገመዱን ከሩቅ ሲያይ ከእጁ በፊት ፊቱ ማርሽ ይቀይራል።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ኬላ በሌለበት ኩርባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጎማው ፈነዳ፣ የረዳቱ በር ተበሳ፣ አማቹ ሆዱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተኮራመተ። ከቁጥቋጦው የወጡት ታጣቂዎች ከጥይታቸው ቻርጀራቸው ይበዛል። አንዱ ስልኩን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ፣ ፀሐይዋን በአንድ ዓይኑ እየለካ መጣ።

«ውረድ! እጅ ወደ ላይ!» አለ ጠመንጃ የደገነው።

ቀስ በቀስ ወረደ። ፊቱ በልማድ ፈገግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ጣቴ ሌንሱን ሸፍኖት ነበር» አለ ቪዲዮ ቀራጩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ተመልሰው ይግቡና እንደገና ይውረዱልን።»

«ልጄ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው! በእናትህ፣ ሐኪም ቤት ላድርሰው!»

«ቪዲዮው ካማረ ወዲያው እንለቅዎታለን። ብቻ ረጋ ብለው ይውረዱ፣ ሲጣደፉ ምስሉ ይበላሻል።»

ተመልሶ ገባ፣ ወረደ። አሁን ደግሞ ፀሐይዋን ደመና ሸፈናት። ሌላ ጊዜ እንዳያስደግሙት ብሎ፣ ለሦስተኛው ያለ የሌለ ሙያውን አወጣ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ፀጉሩን አበሰ፣ እጆቹን እኩል አነሣና ደህና አድርጎ ፈገግ አለ። ቀራጩ አውራ ጣቱን ቀስሮ አደነቀው። ቃላቸውን አላጠፉም፤ የሽንኩርቱን መኪና አቃጥለው፣ አማቹን በአላፊ አግዳሚ መኪና ጭኖ እንዲሄድ ለቀቁት። አማቹ ክሊኒኩ በር ላይ ሞተ።

ሬሳው ቤት ሳይደርስ ቪዲዮው ደረሰ።

እንዴት ያለ ቪዲዮ መሰላችሁ! ጥጉ ላይ እንደ ሳሙና ፋብሪካ ያለ የታጣቂዎቹ አርማ ተለጥፎበታል። ዘፈኑ ተራራ ያንቀጠቅጣል። ሽንኩርቱ «ከባድ መሣሪያ» ተብሏል። ቃጠሎው በየአቅጣጫው ስለተቀረጸ አንዲት መኪና ሙሉ ኮንቮይ ሆና ትነድዳለች። ቀስ በቀስ ደግሞ «በፈቃዱ የተቀላቀለን ሾፌር» የሚል ጽሑፍ ተደርቦበት፣ በዝግታ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ይወርዳል። ከሥር ሕዝብ ይፈርዳል፤ ግማሹ ጀግና ይለዋል፣ ግማሹ ይሰቀል ይላል፣ አንዱ ሸሚዙን ከየት እንደገዛው ይጠይቃል። አማቹ የትም አይታይም። የሞተ ረዳት ለማስታወቂያ አይሆንማ።

ለቅሶው ላይ እህቱ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ባሌ ሲደማ አንተ ፀጉርህን ታበጥራለህ?»

«አስደግመውኝ እኮ ነው። ይሄ ሦስተኛው ነው።»

«ምን፣ ሠርግ ነው የሚያስደግሙህ?»

እውነቱ ራሱ የሰነፍ ውሸት ይመስል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ዘጋችበት።

ቀስ በቀስም ቪዲዮው ከጠፋ እህቴ ትመለሳለች ብሎ ቆረጠ። ጋራዥ ሄዶ መካኒኩን አማከረው።

«አንተ አርቲስት፣ ቀጣዩ ፊልምህ መቼ ነው?» ብሎ ጀመረ መካኒኩ። ፊቱን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቪዲዮው እንዲነሣ ለመተግበሪያው ኩባንያ ሪፖርት ማድረግ አስተማረው። ሾፌሩ ሪፖርት አደረገ፣ ጋራዡ ሪፖርት አደረገ፣ መናኸሪያው ሪፖርት አደረገ። ትኬት ለመቁረጥ የመጣ መንገደኛ ሳይቀር ሪፖርት ሳያደርግ አይሳፈርም ነበር። ኩባንያው በትሕትና ይመልሳል፤ «ተመልክተነዋል፣ ደንባችንን አይጥስም፣ አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው።» እነሱ ግን አልታከቱም። ብዙ ከተንገላቱ በኋላ አንድ ከሰዓት ቪዲዮው ድንገት ብን ብሎ ጠፋ።

ቀስ በቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። እህቱ ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች።

«ጠፋ! አጠፋሁት!»

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን ነዋ!»

አረፋ በለበሰ እጇ ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ነካካችው። ባዶ ነው። እዚያው ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ድምፁ ነበረበት እኮ» አለች።

«የማን ድምፅ?»

«የሱ። አንተ ስትወርድ፣ ዘፈኑ ከፍ ከማለቱ በፊት፣ ከመኪናው በር ኋላ "ጋሼ፣ ያሉህን አድርግላቸው" ይላል። በየቀኑ እሰማው ነበር።»

ቀስ በቀስ ግድግዳውን ተደገፈ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይቶት አያውቅም፤ ገና ራሱን ሲያይ ነው የሚዘጋው።

«እና እውነቴን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ካወቅሁ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«የምጣላው ሰው ያስፈልገኝ ነበራ! እነሱን የት አገኛቸዋለሁ? አንተ ቅርብ ነህ፣ ብሰድብህም አትተኩስም።»

ቪዲዮውን መልሶ ሊያገኝላት ወደ ጋራዡ ተመለሰ። መካኒኩ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እነሱን ታውቃቸው የለ፣ የተዘጋባቸውን ገጽ ምሳ ሳይበሉ በሌላ ስም ይከፍታሉ» አለ። እውነትም ከፍተዋል። ግን አዲሱ ቻናል አባል ላልሆነ ሰው ቪዲዮ አያሳይም። ቀስ በቀስ «ተቀላቀል» የምትለውን ቁልፍ ትንሽ አያት፤ ከዚያ በጥቁር ጥፍሩ ተጫናት። «እንኳን ደህና መጡ፣ ቤተሰባችን ሆነዋል» አሉት፤ ቁጥራቸውም በአንድ ጨመረ። ውሸታቸውን በገዛ እጁ እውነት አደረገላቸው።

ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ጭኖ ወሰደላት። ቤት ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምስሉን ማንም አላየውም፤ ስልኩን መሐላቸው ላይ ገልብጠው ጆሯቸውን ሰጡት። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለመስማት እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ ዘፈኑ እግር በእግር ተከትሎት ይመጣል፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የገዳዮቹ ዘፈን የሟችን ቤት ሞላው፣ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። «ምን ጉድ ነው እናንተ ቤት! ያንን ነገር ዝም አታሰኙትም?»

ቀስ በቀስ ደንግጦ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ። እህቱ እጁን መታችው።

«ተወው» አለችና እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተችው።