ጥማት ነው የተባለው ማሽላ

መምህርት ዴቃ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ተባይና በሽታ ማሳ ላይ የሚፈለግበትን የሰብል አሰሳ ውድድር ያሰበችው ግን አምና ነው። ተማሪዎቿ የተባይ ስም ከደብተር ይሸመድዳሉ፤ ማሳ ገብቶ አንዲት ቅጠል ገልብጦ ያየ ግን የለም። ይህ ከነከናት። እሷም ብትሆን የከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ ነው ያደገችው፣ ማሽላን የምታውቀው በጆንያ ነበር። አሰሳን የተማረችው በአምስት ቀን ሥልጠና ነው፤ የቀረውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐርላ ገጠር እየወጣች በገበሬው በኦቦ ሚክዳድ ማሳ ተለማመደችው።

ኦቦ ሚክዳድ ማሳቸውን ለውድድሩ ሲፈቅዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"በዚያኛው ጥግ ያለው ማሽላ እየደረቀብኝ ነው። ምን ሆኖ ነው?"

ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ፀሐዩም አናት ይበሳል። ዴቃ ከዳር ቆማ አየችና "ጥማት ነው" አለቻቸው።

በሳምንቱ ሃያ ተማሪዎች በሚኒባስ ይዛ ሄደች። በአራት ቡድን ተከፋፍለው ማሳውን አቋርጠው ይሄዳሉ፣ አምስት ቦታ ይቆማሉ፣ በየቦታው ሃያ ተክል አይተው ያገኙትን ይጽፋሉ። በግምት የጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል። መልሱን ዴቃ አስቀድማ ጽፋ ይዛለች፤ በዚያ ጥግ ትይዩ "የውሃ እጥረት" ይላል።

ሦስቱ ቡድኖች ያንኑ ጽፈው አስረከቡ። አራተኛው ቀረ። ዴቃ ልትጠራቸው ብትሄድ፣ ቢላን የምትባል ዝምተኛ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ቁጢጥ ብላ አገዳ በምላጭ ስትሰነጥቅ አገኘቻት።

"ቢላን፣ ሰዓቱ አልቋል እኮ!"

"ቲቸር፣ ጥማት ቢሆን የታችኛው ቅጠል ነበር ቀድሞ የሚደርቀው። የዚህ ግን መሃሉ ብቻ ነው የደረቀው። ስስበው ተመዞ ወጣ።" የተሰነጠቀውን አገዳ ዘረጋችላት። ውስጡ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ ትል ተጋድሟል። "አገዳ ቆርቁር ነው፣ ወላሂ። ከሃያው ሰባቱ ላይ አለ።"

የዴቃ ፊት ጋለ። መልሱን ከእሷ በቀር ያየው ሰው የለም፤ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ብትከተው ማንም አያውቅባትም። ለአፍታ አሰበችውም። ኦቦ ሚክዳድ ግን እዚያው ቆመዋል፤ ጥማት ነው ብላቸው ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠብቁ ከርመዋል።

ተማሪዎቹን ሰበሰበቻቸው። "ጥማት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዳር ቆሜ አይቼ ተሳሳትኩ። ኦቦ ሚክዳድ፣ ሳምንት አባከንኩብዎ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጆች፣ በግምት የጻፋችሁ ቡድኖችም ነጥብ ይቀነስባችኋል።"

ዐብዲናሲር የተባለው የሌላ ቡድን መሪ አኮረፈ። "የኛ መልስ ካንቺ ጋር አንድ ነው። ለምን ይቀነስብናል?"

"አገዳውን ከፍታችሁ አያችሁት?"

ዐብዲናሲር ምላጩን ከቢላን ተቀብሎ አንድ አገዳ ሰነጠቀ።

ኦቦ ሚክዳድ የጠየቁት "አሁንስ ምን ይሻላል?" ብቻ ነበር። ዴቃ የግብርና ባለሙያ ጋ ደወለች፤ የተመታውን ነቅላችሁ አቃጥሉ ተባለች። ሃያዎቹም እስከ ቀትር ሲነቅሉ ዋሉ። የቢላን ቡድን ለአሸናፊ የተዘጋጀውን አጉሊ መነጽር ተሸለመ።

ሲመለሱ ተማሪዎቹ በሶማሊኛም በኦሮምኛም እየተንጫጩ ነበር። ዴቃ በመስኮቱ በኩል ውጭ ውጭውን ታያለች። ባስተማረችባቸው ዓመታት ሁሉ ስንት ልጅ ትክክል ጽፎ፣ ከእሷ መልስ ጋር ስላልገጠመ ብቻ ኤክስ አድርጋበት ይሆን? ልትቆጥረው አትችልም።

ያ ጥግ አልተረፈም፤ የቀረው ማሽላ ግን ደህና አፈራ። ዘንድሮም ኦቦ ሚክዳድ ማሳውን ፈቀዱ። ስትመጡ ግን፣ አሉ፣ መጀመሪያ ያቺ ትሉን ያገኘችው ልጅ ማሳውን ትየው።