ሁለት ነበርን ብዬ ፈረምኩ

የያዙኝ ስፒከር ላይ እንደተቀመጥኩ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው መጡ። የልጅ ልጄን ከጓደኞቿ ጋር ከምትለማመድበት ጋራዥ ከወሰዷት አንድ ቀን አልፏል። አሁን የመጡት ለዕቃዋ ነው። ከበሮዋን አወጡ። ወደ ስፒከሩ ሲያመሩ እኔ ቀድሜ ሄጄ ተቀመጥኩበት።

«እማማ፣ ይነሱ» አለኝ አንደኛው።

«የፍርድ ቤት ወረቀት አምጣና እነሳለሁ።»

«ሥራችንን አያስተጓጉሉ እንጂ።»

«አንተም ሥራህን በወረቀት ሥራ።»

ሲቪል የለበሰው ሳቀ። «ሁለቱንም ጫኗቸው» አለ። ፒክአፑ ላይ ከስፒከሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመው ያያሉ። አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። አልፈርድባቸውም ልል ነበር፤ ግን እፈርድባቸዋለሁ።

የሴቶቹ ክፍል ከጣቢያው ጓሮ ነው። በሩ ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ በጥፍር የተጫረ ስም ሞልቶበታል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። ሽታው የባልዲው፣ የእርጥብ ፍራሽና የልብስ ሳሙና ነው። ከላይ አንድ ጠባብ መስኮት አለች። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ በእሷ በኩል የዓሣ ሽታ ይገባል። ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለት የእስረኞቹ አለቃ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች። ሽርጧን አጥፋ ሰጠችኝ።

«እዚህ ይቀመጡ እናቴ። ከባልዲው ራቅ ይበሉ። በምን አመጡዎት?»

«በስፒከር።»

ሁሉም ሳቁ። የማን አያት እንደሆንኩ ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። ልጅቷ የታሰረችበትን ዘፈን ያውቁት ነበር። ለካ በስልክ ከተማውን አዳርሶታል። ከሳምንት በፊት ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ወጣቶች ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ጮኸውታል። በዚያ ሰሞን ልጆቻቸው የታሰሩባቸው ብዙ ነበሩ።

ይህን የጩኸት ሙዚቃ ፓንክ ይሉታል የልጅ ልጄና ጓደኞቿ። ለእኔ ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ ሲወርድ ነው። ከመካከሉ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ክፈቱ! ክፈቱ! ብዙ ነን!» የሚለውን።

«የታሰሩትን ልጆች ማለቷ ነው» አለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። «በሩ የእስር ቤት በር ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ተይ እባክሽ» አለች ካቦዋ። «ለእኛ ነው የዘፈነችው። ሱቃችንን አሽገው ቁልፉን የያዙብንን ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ የነበረች ሴት ደግሞ ጆሮዋን ያዘች። «ልጅቷን ጌታ ይማራት እንጂ፣ እንደዚያ የሚጮኸው ሌላ መንፈስ ነው።»

«አንቺ ራስሽ በጸሎት ጊዜ ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት ካቦዋ፤ ዘማሪዋም ሳትቀር ሳቀች።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ አሳድገዋታል። ምን ማለቷ ነው?» አለችኝ ተማሪዋ።

አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳቸው። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። በጀመረች ቁጥር «ቀንሺው» ስላት፣ ቀንሼዋለሁ ስትለኝ «ዝጊው» ስላት ነው የኖርነው።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ገና ጎልማሳ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ። ከአነጋገሩ የእኛው ሰው መሆኑን አወቅሁ። በሲዳምኛ ሰላም አልኩት። በአማርኛ መለሰልኝ። አንድ ወረቀትና የጣት ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያድርጉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

«ጣቴን ለምን? ስሜን መጻፍ እችላለሁ። ማንበብም እችላለሁ።»

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሻይ አዘዘ፤ ሻዩን ጨረሰ፤ እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፤ ዘፈኑ ሕዝቡ የእስር ቤት በር ሰብሮ እንዲገባ ይቀሰቅሳል፤ እኔም ልጅቷ ለዚሁ ዓላማ ስትለማመድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አልሰማሁም» አልኩት።

«ቤትዎ ውስጥ አይደለም እንዴ የምትዘፍነው?»

«ስትጀምር ነው የማስዘጋት። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም። አንተስ የማን ልጅ ነህ? ሽማግሌ ሊፈርድ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ነገር ሲታይ «አፊኒ?» ይባላል። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ካልሰማ ፍርድ የለም።

«ክፈተውና ልስማ» አልኩት።

በሩን ዘጋ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

መጀመሪያ ከበሮ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ያርፋል። ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ያርፋል። ድምፁ የቆዳ አይደለም፤ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። ቃል ከመምጣቱ በፊት ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ። አመታቱን አውቀዋለሁ። የእኔ ጫማ ነው።

የልጅቷ እናት፣ ልጄ፣ ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። የቆርቆሮው በር ተዘግቶ ነበር። አዲስ ክፍል ሊመረቅ እንግዶች ገብተዋል፤ ሪባኑ ተቆርጦ እስኪያልቅ ማንም አይግባ ተብሏል። ዘበኛው በቀዳዳው በኩል «ትንሽ ጠብቁ» ይላል። ውስጥ የሚጨበጨበው ይሰማኛል። ልጄን መሬት ላይ አስተኛኋት፤ ሕፃኗ የእናቷን ራስ እግሯ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ የላስቲክ ጫማዬን አውልቄ በሩን መታሁ። ሦስት መትቼ አዳምጣለሁ። ሦስት መትቼ አዳምጣለሁ። በሩ ሲከፈት ልጄ አልፋለች።

ስለዚያ ቀን ከልጅቷ ጋር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ከስልኩ የሚወጣው ምት እየበዛ፣ እየተደራረበ ሄደ። የመሣሪያው ጩኸት ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ «ክፈቱ! ክፈቱ! ብዙ ነን!»

ሲያበቃ ሁሉንም ነገርኩት። መርማሪው አላቋረጠኝም። እንዳዘነ ፊቱ ላይ አየሁ፤ ያንን አልክድበትም። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠየቀኝ።

«ዘፈኑ ውስጥ ጤና ጣቢያ የሚል ቃል አለ?»

«የለም።»

«እናቴ የሚል?»

«የለም።»

«ብዙ ነን ይላል። በዚያ ቀን በሩ ላይ ስንት ነበራችሁ?»

«እኔና ሕፃኗ። ሁለት ነበርን። ልጄን አልቆጠርኳት።»

«ታዲያ ብዙ የሚባሉት እነማን ናቸው?»

አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ። መዋሸት ብችል ኖሮ ያን ቀን እዋሽ ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ያየሁትን ግን ጻፍልኝ።»

የመጀመሪያውን ወረቀት መለስኩለት፤ አልፈረምኩበትም። በሌላ ወረቀት የራሴን ቃል ጻፈ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። የጎደለ የለም፤ የተጨመረ የለም። በሩ አለ፤ ጫማው አለ፤ ሪባኑ አለ። መጨረሻው ላይ «በዕለቱ በስፍራው የነበርነው ሁለት ነን» ይላል። ያልኩት ነውና ስሜን ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ከድኜ በሁለት እጄ መለስኩለት።

ያም ሆኖ ቤቴ አልላኩኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ነው የተፈታሁት። ያን ዕለት ከመርማሪው ወደ ክፍሉ ስመለስ ሴቶቹን ሰብስቤ «አፊኒ?» አልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ካቦዋ አለቀሰች። ተማሪዋ ግን ፊቷ አልፈታም።

«እማማ፣ ሁለት ነበርን የሚለውን ባይሉት ጥሩ ነበር» አለችኝ።

«እውነት ነው እኮ።»

«እሱማ እውነት ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለምን እንዳዞረች የገባኝ ፍርድ ቤት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሌሎች ምስክሮችን ካሰማ በኋላ የእኔን ወረቀት አነሳ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ የገዛ አያቷ አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ «ብዙ ነን» የሚለው ሕዝቡን ለማነሳሳት እንጂ ለእናቷ አይደለም አለ። ፊርማዬን ለዳኛው አሳየ። ጎበጥ ጎበጥ ያለው የአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ ነበር። ልጅቷ ከተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ተነስቼ ልናገር ስል ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ። ብነሳስ ምን እል ነበር?

ተፈርዶባት ስንቅ እየያዝኩ ስመላለስ ከረምኩ፤ በታሰረች በስምንተኛው ወር ተፈታች። ቤት ከገባች በኋላ ብዙ ቀን ሳንጠያየቅ ቆየን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ስናሰጣ አላስቻለኝም።

«ብዙ ነን ያልሽው እነማንን ነው?»

በእጇ የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ሳትሰቅል ቆመች።

«እማዬ፣ በሩ ላይ የነበሩትን አላየሻቸውም እንዴ?»

«የትኞቹን?»

«ከኋላሽ የነበሩትን። እግሩ በፋሻ የታሰረ ሰውዬ ነበር። ሁለት እርጉዞች ነበሩ። ሽማግሌ በቃሬዛ ተኝተው ነበር። አንቺ መምታት ስትጀምሪ መጀመሪያ ዝም ብለው አዩሽ። ከዚያ ሰውዬው በክራንቹ መታ። ሴቶቹም በእጃቸው መቱ። በአንድ ላይ ነው የመታችሁት።»

እኔ ፊቴ ወደ በሩ ነበር። እሷ የእናቷን ራስ ይዛ ፊቷ ወደ ሰዎቹ ነበር። በመርማሪው ስልክ እየበዛ፣ እየተደራረበ የመጣው ምት የመሣሪያ ጩኸት አልነበረም። እኔ ከራሴ ጫማ ሌላ አልሰማሁም። እኔ፣ ሳልሰማ አልፈርድም ያልኩት ሴትዮ።

«ለምን ፍርድ ቤት አልተናገርሽም?»

«ተናገርኩ። ያንቺ ፊርማ በለጠ።»

በማግሥቱ ቃሌን የሚያርም ወረቀት ጽፌ ጣቢያው ሄድኩ። መርማሪው ተቀይሯል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው «እማማ፣ መዝገቡ ተዘግቷል፤ የሚቀበልዎት የለም» አለኝ። ወጣሁ። በግቢው በር ጥላ ሥር ዘበኛው ክላሹን ታቅፎ ተቀምጧል። የተቀመጠበትን አየሁት። የልጅ ልጄ ከበሮ ነው። እስካሁን አልመለሱልንም።

ፊት ለፊቱ ቆሜ ወረቀቴን ገለጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ነበርን ብዬ የፈረምኩት ስህተት ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ነው፤ ብዙ ነበርን፤ ባለፋሻው፣ ሁለቱ እርጉዞች፣ በቃሬዛ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሌሎችም። አንብቤ ስጨርስ «አፊኒ?» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ። ከከበሮው ላይ ተነሳ።

«ሰምቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ወረቀቱ እኔ ጋ ነው ያለው። የልጅ ልጄ ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም። አንዳንዴ ግን እየሠራች ሳታስበው ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች፤ ሦስት፣ ከዚያ ዕረፍት። እጄ ላይ ያለውን ሥራ አቁሜ እስክትጨርስ እሰማታለሁ።