ሳሙናው ወደ በር የመጣበት ሳምንት

ይህችን የመጋዘን ሹፌር አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን ያስከፍላታል ቢሉ፣ አሥራ አምስት ሊትር የመጋዘኑ ናፍጣ፣ የሻከረ ጉሮሮ፣ ሲመሽ ደግሞ ሃያ ደቂቃ። ከሁሉም የምታንገበግባት ይቺ ሃያ ደቂቃ ናት። ቤት ስትገባ የዘጠኝ ወር ልጇ እጇን ዘርግታ ትንጠራራለች፤ ጡት ልትሰጣት ስታስጠጋት ግን ናፍጣው ይሸታትና ፊቷን ታዞራለች። የልጅቷ አያት ከጓዳ ሆነው "ሳትታጠቢ አትንኪያት አላልኩሽም!" ይላሉ። ልጅ እያለቀሰች፣ ጡቷም እየፈሰሰ፣ ፀጉሯን ስታሽ ሃያ ደቂቃዋ ያልቃል።

ሥራዋ ፎርክሊፍት መንዳት ነው፤ ሁለት የብረት ሹካ ከፊቱ ዘርግቶ ዕቃ የሚያነሳውን መኪና። ስድስት ዓመት የነዳችው ያረጀ የናፍጣ መኪና ነበር። ጠዋት ከተነሳ አይጠፋም፤ ካጠፉት አኩርፎ ይቀራል። ስለዚህ እሷ ምሳዋን ስትበላ እንኳ እሱ እዚያው ቆሞ ያጨሳል።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ በባትሪ የሚሠራ ፎርክሊፍት ለሙከራ አስመጡ።

"እስከ ዓርብ ነው" አሉ። "ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ ቀኑን ሙሉ ከሠራ እንገዛዋለን። እየደጋገመ መሀል ላይ ከቆመ ይመለሳል።"

ያን ዕለት ማታ ሳትታጠብ ልጇን አቅፋ አጠባች። ከዚያ ወዲያ መኪናው ይመለስ ቢሏት በጥርሷ ነክሳ ትይዘው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ግን ባትሪው አልቆ መተላለፊያው መሀል ቀጥ አለባት። ጫኝ አውራጆቹ የሚስቁበት አገኙ!

"እህትዬ፣ ነፍስ ይማር እንበል?"

"ናፍጣ ብለሽ በጆሮው ጥሪለት፣ ይነሳ ይሆናል!"

"ሳቁ፣ ሳቁ! ጭሱን የምትውጡት እናንተም ናችሁ" አለቻቸው።

መኪናው ቻርጅ ላይ ሳለ የቀኑን የዕቃ ማውጫ ወረቀቶች ከስቶር ኪፐሩ፣ ከዕቃ ቤቱ ኃላፊ ከጋሼ፣ ተቀብላ ቆጠረች። ከአርባ ምልልስ ሃያ ስድስቱ ሳሙና ለማምጣት ነው። ሳሙናው ደግሞ የተቀመጠው በመጨረሻው ጥግ፣ ከበሩ እጅግ ርቆ! ባትሪውን የበላው ይህ ነው።

"ጋሼ፣ ሳሙናው ለምን በር አጠገብ አይሆንም?"

"አንቺ ልጅ፣ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ቶሎ ይሰረቃል። በር ላይ ካስቀመጥኩት እግር ያወጣል።"

"አንዱ የሳሙና ክምር እኮ ስምንት መቶ ኪሎ ነው! እሱን ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ከመጣ አንከሰውም፣ እንቀጥረዋለን።"

ጋሼ ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ ሳቁ አመለጣቸው። "በይ እሺ። ከጠፋ ግን ካንቺ ራስ አልወርድም።"

ሲያሾፉባት የነበሩት ጫኝ አውራጆች ራሳቸው ሳሙናውን በእጅ ጋሪ እየገፉ ወደ በሩ አመጡት። ሐሙስ ዕለት እሷም አመሏን አረመች። በናፍጣው መኪና እንደለመደችው ፔዳሉን ረግጣ፣ ወዲያው ፍሬን መያዝ ቀረ፤ ቀስ ብላ መነሳት፣ ቀስ ብላ መቆም ሆነ። ማታ መለኪያውን ብታየው ባትሪው ገና አላለቀም። ዓርብ ደግሞ ከሐሙስም የበለጠ ተረፈ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው መለኪያውን አዩና "ይኸው፣ የኛ ሆነ" አሉ። የእሷ ፈገግታ እስከ ጆሮዋ ደረሰ።

አሁን መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ጭስ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት የጭነት መኪናዎች የሚገባው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ ዕቃ ልትጭኑ ስትመጡ፣ ተራችሁ እስኪደርስ እባካችሁ ሞተሩን አጥፉት። አልነሳ ካላችሁ እሷና ጫኝ አውራጆቹ ወጥተው ይገፉላችኋል።